ሞርሳም መስፍም ነኝ የሚለው አሮጌ ብረት፦ ከ14 ወር በኋላ

አንድ ዕቃ «ሁለት ሥራ እችላለሁ» ሲል ወዲያው እጠረጥረዋለሁ። ሁለቱንም በግማሽ የሚሠራ ዕቃ ቤቴ ውስጥ ሞልቷል። ይህን ሞርሳ ያገኘሁ ቀን ግን ጥርጣሬዬ የት እንደገባ እንጃ። ከተዘጋ ወርክሾፕ የወጣ የቁርጥራጭ ብረት ክምር ሥር ተቀብሮ፣ በላዩ የተሰነጠቀ የፓምፕ ገላ ተጭኖበት ነበር። መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው ከክምሩ ጎን አፈትልኮ የወጣ ሾጣጣ ቀንድ ነው። ጎተትኩት፤ አልመጣም። ፓምፑን አንስቼ ደግሜ ስጎትተው ከቀንዱ ኋላ ጠፍጣፋ የመስፍ ፊት፣ ከዚያም ኋላ ግጥም ብሎ የተዘጋ የሞርሳ መንጋጋ ተከትሎ ወጣ።

መስፍ ቀጥቃጭ የጋለ ብረት አስደግፎ የሚመታበት ጉማጅ ነው። ሞርሳ ደግሞ የሚሠራበትን ነገር በሁለት መንጋጋ መካከል ጨምቆ የሚይዝ ዕቃ ነው። በዚህ ዕቃ ላይ የሞርሳው ቋሚ መንጋጋ ጀርባ ወደ ኋላ ተዘርግቶ መስፍ ይሆናል፤ ጫፉ ደግሞ ቀንድ። እንዲህ ያሉ ጥምር ዕቃዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በተለይ አሜሪካ ውስጥ ለገበሬዎች ይሠሩ ነበር። ሐሳቡ የሚገባ ነው። ማረሻው የጎበጠበት፣ የሰንሰለቱ ቀለበት የተከፈተበት ሰው ቀጥቃጭ ፍለጋ ቀኑን ከሚያቃጥል እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ጉዳዩን ይጨርስ ነው። አንዳንዶቹ ላይ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ጭምር ይገጠም ነበር። የኔው መሰርሰሪያ የለውም። የፋብሪካ ስሙም ተፍቆ አልቋል፤ ጎኑ ላይ «40» የሚል ቁጥር ብቻ ቀርቶለታል። ሚዛን ላይ ሳወጣው 18 ኪሎ ከትንሽ ነገር ሆነ። 40 ፓውንድ 18.1 ኪሎ ስለሆነ ቁጥሩ ክብደቱ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

መንጋጋው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል። የመስፉ ፊት 7 በ14 ሴንቲ ሜትር፣ ቀንዱ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ፊቱ ላይ አንዲት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለች፤ መቁረጫ መሮ ጅራቱን የሚሰካባት ናት።

ከመውሰዴ በፊት ሦስት ነገር አየሁ። አንደኛው ስንጥቅ ነው። ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ፣ በተለይ የመንጋጋውን ሥርና የመቀመጫውን የብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ በላምባ አረጠብኩ፤ ትንሽ ቆይቼ በደንብ ጠረግሁና ጠመኔ ፈጭቼ ነሰነስኩበት። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔው ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ያሰምራል። መስመር አልወጣም። ሁለተኛው የብረቱ ዓይነት ነው። የማይታየውን ሆዱን በግራይንደር ነካ ሳደርገው አጭር፣ ደብዛዛ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ፍንጣሪ ሰጠኝ። ስቲል ቢሆን ፍንጣሪው ረጅምና ደማቅ በሆነ ነበር። ስለዚህ ጊዛ ነው፤ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት። ሦስተኛው ንጥረት ነው፦ ከአሮጌ ኩሽኔታ ያወጣኋትን ኳስ ከ25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ፊቱ ላይ ጣልኳት። 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነጥራ ተመለሰች። ጥሩ የስቲል መስፍ ላይ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ትመለሳለች። የኳሷ መመለስ ተራ ነገር አይደለም። መስፉ የምቱን ጉልበት ለመዶሻውና ለሚመታው ብረት ይመልሳል ወይስ ራሱ ይውጠዋል የሚለውን የምትናገረው እሷ ናት። ይኼኛው ዋጪ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ወሰድኩት። ቀንዱ አታሎኛል፤ አልዋሽም።

ማጽዳቱ ሥራዬ ብዬ ከያዝኩት በላይ ወሰደ። ዋናው ቪቴ (መንጋጋውን የሚገፋው ባለ ጥርስ ዘንግ) የሚዞርበት ዳዶ ውስጥ ዝጎ ተጣብቋል፤ እጀታው አንዲት ጸጉር አይንቀሳቀስም። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቼ ተንጠለጠልኩ። ቪቴው ሳይሆን እጀታው ጎበጠ። ከዚያ በኋላ ልብ ገዛሁና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል እኩል ቀላቅዬ (አሴቶን እሳት ይስባልና ከነበልባል ርቆ) ጠዋትና ማታ አንጠባጠብኩበት። በዘጠነኛው ቀን እጀታው በጣት ውፍረት ያህል ዞረ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው፦ ሩብ ዙር ወደዚህ፣ ሩብ ዙር ወደዚያ፣ ዘይት፣ እንደገና። ዝገት ያነቀውን ብሎን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚታገል ሰው መጨረሻው ሰብሮ ማውጣት ነው።

ቀለሙን ደረቁን በግራይንደር አላነሳሁትም። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ደግሞ ሲተነፍሱት መርዝ ነው። እያረጠብኩ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ በመፋቂያ አነሳሁት። ዝገቱን በኤሌክትሪክ ለቀቅሁት። ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል፣ ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ሶዳ፣ የ12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር። ኔጌቲቩ ሞርሳው ላይ፣ ፖዘቲቩ የትም የማይፈለግ የላሜራ ቁራጭ ላይ ይታሰራል። ሁለቱ ከተገለባበጡ የሚበላው ሞርሳው ነው። ላሜራው ስቴንለስ መሆን የለበትም፤ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ውኃው ውስጥ ይለቃል። የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ስላለበት ሥራው ደጅ ላይ ነው፤ ሽቦ ከመነካካት በፊትም ቻርጀሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። በማግስቱ ሳወጣው ዝገቱ በብሩሽ የሚነሳ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ነበር። ሥሩ ያለው ብረት ግራጫና ደረቅ ነው፤ ካጠቡት በኋላ ሻይ እስኪጠጡ ቢተዉት ቡናማ ይለብሳል። እኔ ወዲያው በሙቅ አየር አደረቅሁትና ገና ትኩስ እያለ የተፈላ የተልባ ዘይት በስሱ ቀባሁት። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል፤ ዘርግቼ ነው ያደረቅሁት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ጽሑፉን የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ዕቃውን የት ልሰር?

ሞርሳ ትክክለኛ ቁመቱ ክርን ነው። ቀጥ ብለው ቆመው ክንድዎን ሲያጥፉ የመንጋጋው አናት ክርንዎ ዘንድ መድረስ አለበት። ያን ጊዜ ሞረድ ሲገፉ ክንድ ከመሬት ጋር ትይዩ ይሄዳል፤ ወገብም አይጎብጥም። መስፍ ደግሞ ቁመቱ ጡጫ ነው። እጅን ጨብጠው ወደ ታች ሲያንጠለጥሉ አንጓዎ የሚደርስበት ቦታ ላይ ፊቱ መሆን አለበት፤ መዶሻ ከላይ ወርዶ ሲያርፍ ጠፍጣፋ የሚያርፈው እዚያ ነው። እኔ ላይ ስለካው ክርኔ ከወለል 104 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጡጫዬ 73። የ31 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ዕቃው ላይ ግን የመንጋጋው አናትና የመስፉ ፊት ልዩነታቸው 3 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱን ካስደሰትኩ ሌላውን አስቀይማለሁ ማለት ነው። ይህን የዕቃው ሠሪዎችም ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም፤ ገበሬው በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚሠራው ሥራ ወገቡ ቢታመም ይችለዋል ብለው ይሆናል።

ለሞርሳው ፈረድኩ። አናቱ 104 ሴንቲ ሜትር ላይ ዋለ። ለመስፉ ደግሞ ከወፍራም ጣውላ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ መቆሚያ ሠራሁ፤ መምታት ሲያምረኝ ስቤ እወጣበታለሁ። ቤተሰቦቼ «መድረክ» ብለውታል፤ ስወጣ ያጨበጭባሉ። መሳቁ ይሁን እንጂ መቆሚያው በርግጥ ሠርቷል። 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚህ ቢጠብ ኖሮ አንድ ቀን በኋላዬ እወድቅ ነበር።

አስተሳሰሩ ላይ ብዙ አልቆይም። አራት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ ጣውላውን በስተው ወጥተው ከሥር በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ የታሰሩ። የእንጨት ቪቴ አይሆንም፤ በሳምንት ውስጥ ቀዳዳው ይሰፋል። ቋሚው መንጋጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ማለት አለበት፤ ረጅም ብረት ቁልቁል ሲታሰር ጠረጴዛው እንዳያግደው።

እንደ ሞርሳ፣ ባጭሩ፣ ወድጄዋለሁ። ከእሱ በፊት የነበረኝ አዲስ ቀላል ሞርሳ አንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት) ይዞ ሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ስገፋበት አብሮኝ ይወዛወዝ ነበር። ይኼኛው ንቅንቅ አይልም። ጊዛ ንዝረት ይበላል፤ ለዚህም ነው የማሽኖች አካል ከጊዛ የሚቀረጸው። ያው የምት ጉልበት እየዋጠ መስፍነቱን ያበላሸው ጠባይ ሞርሳነቱን ያሳምረዋል። ሞረድ ስገፋ የሚያንቋርረው ድምፅ የለም። ስሱ ላሜራ ስቆርጥ እንኳ መጋዙ አይንጫጫም።

ግን ጠባዩን መማር ነበረብኝ። የተንቀሳቃሹ መንጋጋ ማንሸራተቻ ተበልቷል፤ ብረቱን ወደ አንድ ጎን ካሰርኩት መንጋጋው ይጣመምና በአንድ ጥግ ብቻ ይነክሳል። ከባሰም የማንሸራተቻው አፍ ሊሰነጠቅ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እኩል ውፍረት ያላት ቁራጭ በሌላው ጎን አብራ ትታሰራለች፤ መንጋጋው ያን ጊዜ ቀጥ ይላል። ጠረጴዛዬ ላይ ከ2 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ቁራጮች በሽቦ ተሰክተው ተንጠልጥለዋል፤ መጀመሪያ በወር አንዴ እጠቀምባቸው ነበር፣ አሁን ሳላስበው እጄ ይሄዳል።

የሁለተኛው ትምህርት መምህር ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ የሚሠሩ አንድ አረጋዊ ናቸው። ጠፍጣፋ ብረት አስሬ በመዶሻ ስቆለምም አዩኝና ዝም ብለው ቆሙ።

«ልጄ፣ ወዴት ነው የምትመታው?»

«ወደኔ፣ ጋሼ።»

«ወዳንተ ያለው የትኛው መንጋጋ ነው?»

ተንቀሳቃሹ ነበር። በእያንዳንዱ ምት ሸክሙ ያረፈው ቪቴውና ዳዶው ላይ ነው ማለት ነው። ወደ ቋሚው ሲመቱ ግን ሸክሙን የሚቀበለው ከጠረጴዛው ጋር የታሰረው ዋናው አካል ነው። «ጊዛ ሲጫኑት ይችላል» አሉኝ እያዞሩ እያዩት፤ «ሲጎትቱትና ሲያጣምሙት ነው ጉድ የሚሠራው።» ነገሩ እውነት ነው። ግራጫ ጊዛ ውስጥ ያለው ካርቦን ከ2.5 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል፤ አብዛኛው እንደ ቀጭን ቅርፊት በግራፋይት መልክ ብረቱ ውስጥ ተበትኖ ይቀመጣል። ሲጫኑት ቅርፊቶቹ አያስቸግሩም። ሲጎትቱት ግን እያንዳንዱ ቅርፊት እንደ ትንሽ ስንጥቅ ይሆናል። ለዚህ ነው ግፊት የመቻል አቅሙ ጉተታ ከመቻሉ ሦስትና አራት እጥፍ የሚሆነው። ግራፋይቱን ክብ ክብ አድርጎ ጊዛን በቀላሉ የማይሰበር ለማድረግ የተቻለው በ1940ዎቹ ነው፤ ኪት ሚሊስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1943 ማግኒዚየም ጨምሮበት። የኔ ሞርሳ ሲቀረጽ ያ ገና አልታሰበም።

የመንጋጋው ጥርስ ስለታም ነው፤ ለስላሳ ብረት ላይ ጠባሳ ይተዋል። ሁለት ቁራጭ የአሉሚኒየም አንጎላሬ ቆርጬ ውስጣቸው ማግኔት አጣበቅሁና ኮፍያ አደረግሁለት። ለእንጨት ሥራ ሌላ ጥንድ፣ ቆዳ የለበሰ። ለቱቦ ግን አይሆንም፤ ክብ ነገር በሁለት ቀጭን መስመር ብቻ ነው የሚይዘው፣ ያሽከረክረዋል፣ ሲጠብቅ ደግሞ ያጨፈልቀዋል። ቪ ቅርጽ የተቆረጠለት እንጨት እስካልገባ ድረስ ቱቦ ማሰር ትቻለሁ።

መስፍነቱ ላይ ልቤ የተሰበረው በአምስተኛው ወር ነው።

እስከዚያ ድረስ ትንንሽ ሥራ ብቻ ሠራሁበት፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ድምፁ ራሱ ይወደዳል። የስቲል መስፍ ሲመታ እንደ ደወል ያቃጭላል፤ ይኼኛው «ጥፍ» ብሎ ዝም ይላል። በምሽት ብሠራ የሚቆጣ ጎረቤት አይኖርም። ደፈር አልኩና 16 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ (ክብ የብረት ዘንግ) ብርቱካን እስኪመስል አግዬ፣ 2 ኪሎ መዶሻ ይዤ መድረኬ ላይ ወጣሁ። ለመቁረጫ መሮ የሚሆን ጫፍ ላወጣ ነው። ቶንዲኖውን ፊቱ ጠርዝ ላይ አስደግፌ መታሁት፤ ሦስት፣ አራት ጊዜ። ብረቱ ይጎብጣል እንጂ እንደምፈልገው አይሳብም፤ የምቱ ጉልበት ወዴት እንደሚሄድ ኳሷ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። አምስተኛው ምት ስቶ ግማሹ ባዶ ጠርዝ ላይ አረፈ። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቅርፊት ከጠርዙ ተፈንጥሮ ግድግዳው ላይ ጠቅ አለ። መነጽር አድርጌ ነበር። ባላደርግ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በአንድ ዓይን ሊሆን ይችል ነበር።

ጥፋቱን ለሁለት ከፋፍዬ አየሁት። አንዱ የኔ ነው፦ የጊዛ ጠርዝ ስለታም ሆኖ መተው የለበትም። አሁን አራቱንም ጠርዞች 3 ሚሊ ሜትር ያህል በሞረድ አዙሬያቸዋለሁ። ሌላው የዕቃው ነው። 18 ኪሎ ለመስፍ ትንሽ ነው። ቀጥቃጮች መስፉ ከመዶሻው 50 እጥፍ ቢከብድ ይመረጣል ይላሉ፤ በዚህ ስሌት 2 ኪሎ መዶሻ 100 ኪሎ መስፍ ይፈልጋል። ለኔው የሚመጥነው ከግማሽ ኪሎም ያነሰ መዶሻ ነበር። ከዚያ 18 ኪሎ ውስጥ ደግሞ ገሚሱ ሞርሳው ነው፤ ከሚመታው ቦታ ሥር ያለው ብረት ከአንድ ጣት ርዝመት የማይበልጥ አንገት ነው።

የተፈነጠረውን ቦታ ብየዳ አላስነካሁትም። ጊዛን በቀዝቃዛው መበየድ ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ መጥራት ነው። በኒኬል ዘንግ፣ ቀስ ብሎ በማሞቅና ቀስ ብሎ በማቀዝቀዝ ይቻላል። እኔ ለአንድ ጥግ ብዬ አካሉን በሙሉ አደጋ ላይ አልጥልም። ጠባሳው ይኖራል።

ጊዛ መስፍ ሁሉ መናኛ ነው እያልኩ ግን አይደለም። ኒው ጀርሲ፣ ትሬንተን ውስጥ የነበረው ፊሸርና ኖሪስ ፋብሪካ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የስቲል ፊት ቀልጦ ከሚፈሰው ጊዛ ጋር እያዋሐደ መስፍ ይሠራ ነበር። ያ ፊቱ ጠንካራ፣ ድምፁ ጸጥተኛ ነው፤ ዛሬም የሚፈለግ ዕቃ ነው። የኔው ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዛ ነው። ልዩነቱን ሞረድ ይናገራል። ጠንካራ የስቲል ፊት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፤ የኔው ላይ ይነክሳል።

ለጋለ ብረት አሁን ሌላ ነገር አለኝ። 40 ሴንቲ ሜትር የባቡር ሐዲድ ቁራጭ በቁመቱ አቁሜ ጉማጅ እንጨት ውስጥ ቀብሬዋለሁ። በሜትር 60 ኪሎ የሚመዝነው ዓይነት ስለሆነ ቁራጩ 24 ኪሎ ነው። ክብደቱ ከሞርሳው ብዙ አይበልጥም፤ ግን ሲቆም መላ ክብደቱ ከምቱ በቀጥታ ሥር ይሆናል፣ ብረቱም ስቲል ነው። ኳሷ እዚያ ላይ ትስቃለች። ቁመቱን ጡጫዬ ላይ አደረግሁት። መድረኩ ሥራ ፈታ።

በዚህ ታሪኩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት ሥራዬን ልብ ብዬ ስከታተል፣ ሐዲዱ ላይ የምቆመው በወር አንዴ ቢሆን ነው። የሞርሳው መስፍ ላይ ግን ሳይነካ የሚውል ቀን የለም። የጎበጠ ምስማር ማቅናት። የሪቬት ራስ መጨፍለቅ። ቀጭን መዳብ መደብደብ (መዳብ ሲጠነክርብኝ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አሞቄ ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ከስቲል በተቃራኒ ይለሰልሳል)። 6 ሚሊ ሜትር ዘንግ ቀንዱ ላይ አጥፎ መንጠቆ ማውጣት። በፑንቶ (ሹል መምቻ) ምልክት መምታት። ከሞርሳው ፈትቶ በአንድ እርምጃ መታ መታ አድርጎ መልሶ ማሰር ማለት ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆጥብ ከፊቱ ያልቆመ ሰው አይገባውም። መዶሻዬ 400 ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ አላነሳበትም። የጋለ ብረትም አላስጠጋም። ዚንክ የተቀባ ነገር ደግሞ እሱም ላይ ሐዲዱም ላይ አላግልም፤ ዚንክ 907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል፣ ጢሱም ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል።

የተበላሹ ነገሮች። በዘጠነኛው ወር ዳዶውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ፒን ተቆረጠና እጀታው ያለ ሥራ መዞር ጀመረ። ከ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ጥርስ የሌለውን ክፍል ቆርጬ ተካሁት፤ እስካሁን ይዟል። ሆን ብዬ በጣም ጠንካራ ቡሎን አልመረጥኩም። የሚሰበር ነገር መኖር ካለበት ፒኑ ይሰበር፣ ዳዶው አይሰበር። ቪቴው ባለ አራት ማዕዘን ጥርስ ነው፤ መጥበቅ ከመጀመሩ በፊት የአንድ ዙር ሲሶ ያህል ባዶውን ይዞራል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ምልክት አድርጌ ለክቼው ነበር፤ በ14 ወር ውስጥ የጨመረ ነገር አላየሁም። በየወሩ አጽድቼ አዲስ ግራሶ ነው የማስገባለት። አሮጌው ግራሶ ላይ ደርቦ መቀባት የብረት ብናኝ የያዘ ወፍጮ መሥራት ነው።

የመንጋጋውን ጥርሶች የሚያስረው ብሎን ግን አናድዶኛል። አንዱ ጠፍቶ ነበር፤ 8 ሚሊ ሜትር የሚመስል ቀዳዳ ስለሆነ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን አስገባሁ። ሁለት ዙር ገባና ነከሰ። ብገፋው ኖሮ የጊዛውን ጥርስ እበላው ነበር። ቀዳዳው የኢንች ነው፦ አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች፣ ይኸውም 7.94 ሚሊ ሜትር፤ በኢንች 18 ጥርስ ስላለው ከጥርስ ጥርስ 1.41 ሚሊ ሜትር ነው። የ8 ሚሊ ሜትሩ ብሎን ደግሞ 1.25። ሁለት ዙር ይተዋወቃሉ፣ ሦስተኛው ላይ ይጣላሉ። የኢንች ብሎንም ቢሆን ሁሉ አንድ አይደለም። ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ለእንግሊዝ ያወጣው ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው፤ ዊሊያም ሴለርስ በ1864 ለአሜሪካ ያቀረበው 60። በዚህ መጠን የጥርሱ ብዛት በሁለቱም 18 ስለሆነ በዓይን አይለዩም። ጋሼ የጥርስ መለኪያቸውን አምጥተው አስቀምጠው 60 ነው አሉኝ፣ ብሎኑንም ራሳቸው ቶርኖ ላይ አወጡልኝ። ሥራውን ሳደንቅ «አንተ ብቻ ወደ ቋሚው ምታ» ብለውኝ ሄዱ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያጋጥማችሁ ውሰዱ ወይስ ተዉ? ቪቴው የተጣበቀ ቢሆን አትፍሩ፤ ጊዜ ይፈታዋል። የመስፉ ፊት የተጎዳጎደ ቢሆንም ግድ የለም። የማንሸራተቻው አፍ ተሰንጥቆ በብየዳ የተጠገነ ከሆነ፣ ወይም ዳዶው ጥርሱን ጨርሶ ቪቴው ሲሳብ ተንሸራትቶ የሚመጣ ከሆነ ግን ቀንዱ ምንም ቢያምር ትቶ መሄድ ነው። ቢላዋና መጥረቢያ መቀጥቀጥ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ አንድ ሐዲድና ጉማጅ እንጨት ይበቃዋል። መዶሻ የሚችል ሞርሳ የሚፈልግ ሰውም እግሩ እስከ መሬት የሚወርደውን የቀጥቃጭ ሞርሳ ይፈልግ። ያ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ ምቱን እግሩ ወደ ወለል ያወርደዋል።

ለኔ፣ ከሁለቱ ስሞቹ አንዱን አውጥቼለት፣ ሞርሳ ብቻ ብዬ ስጠራው ተስማምተናል። መድረኩን አልጣልኩትም፤ ልጆቹ ሞረድ ለመግፋት ቁመታቸው ስለማይደርስ አሁን የነሱ ሆኗል። ጋሼ ካወጡልኝ ብሎን ማዶ ያለው፣ ያልነካሁት የዱሮው ብሎን ደግሞ ከሰሞኑ ሳጠብቀው ትንሽ ይዞራል። ጭንቅላቱ ብቻ ይሁን ወይም ውስጥ ተቆርጦ፣ ቅዳሜ መንጋጋውን ፈትቼ አየዋለሁ።